የተባረረው ብረት ሲመለስ

ስለ ፊውዥን ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ ሙቀቱ ነው። መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዲግሪ! ከፀሐይ እምብርት አሥር እጥፍ! ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ "ይህን እሳት ችሎ የሚይዝ ዕቃ ከየት ይገኛል? አያቀልጠውም ወይ?"

ጥያቄው ትክክል ነው። ግን የዘርፉን ታሪክ ገለጥ ገለጥ ስታደርጉ ሌላ ጥያቄ ታገኛላችሁ። ተመራማሪዎቹን ከሰባ ዓመት በላይ እንቅልፍ የነሳቸው እሳቱ ዕቃውን ማቅለጡ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው እሳቱን ማጥፋቱም ነው። ከግድግዳው ተፍቆ የገባ ኢምንት እድፍ ስንቱን ሙከራ አክሽፏል መሰላችሁ! ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚህን እድፍ ታሪክ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ በሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

*

መጀመሪያ ነገሩን እናስረዳ። ፊውዥን ማለት ቀላል አቶሞችን አጋጭቶ ማዋሃድ ነው። ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉት የሃይድሮጂን ዓይነቶች ሲዋሃዱ ሂሊየም ይወለዳል፤ ብዙ ጉልበትም ይወጣል። እንዲዋሃዱ ግን በጣም መጋል አለባቸው። በዚያ ሙቀት ጋዙ ጋዝ መሆኑ ይቀርና ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ተላቀው ፕላዝማ ይሆናል። ፕላዝማ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ለመግነጢስ ይታዘዛል። ስለዚህ ቀለበት በሚመስል ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ በመግነጢስ አጥር ይታሰራል። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ በጣም የታወቀው ሩሲያውያን የፈጠሩት ቶካማክ ነው።

አጥሩ ግን ቀዳዳ አያጣም። ትንሽ ትንሽ እያመለጠ ግድግዳውን የሚመታ ፕላዝማ አለ። ሲመታም ከግድግዳው አቶም ይፍቃል፤ ብረት፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ተንግስተን፣ ግድግዳው የተሠራበትንም ሆነ የተጣበቀበትን ሁሉ። እነዚህ ባዕድ አቶሞች ወደ ፕላዝማው ይገባሉ።

ቢገቡ ምን አለበት? ጉዳዩ ብርሃን ነው። ሃይድሮጂን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። እሱን ከተነጠቀ በኋላ የሚያበራበት ነገር ብዙም የለውም። ተንግስተን ግን 74 ኤሌክትሮኖች አሉት። በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥም ሁሉንም አይነጠቅም። የቀሩት ኤሌክትሮኖች እየተመቱ ከፍ ዝቅ ባሉ ቁጥር ብርሃን ይረጫሉ፤ በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ። ፕላዝማው በአጥር ተይዟል፤ ብርሃን ግን መግነጢስ አያውቅም። ሙቀቱን ተሸክሞ ሹልክ ብሎ ይወጣል። እሳቱ ከውስጥ ይበርዳል።

ምን ያህል ቢገባ ነው የሚጎዳው? እስኪ እናስላው። በደቡብ ፈረንሳይ ካዳራሽ እየተገነባ ያለው ኢተር የፕላዝማው ይዘት 830 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ስፋት የሚሞላው ነዳጅ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ፕላዝማው ከአየር እጅግ የሳሳ ነውና። ከ100,000 የነዳጅ አቶም መሃል አንድ ተንግስተን ቢኖር የተንግስተኑ ክብደት በጠቅላላ ሩብ ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል። ይህ የአንድ ፍሬ ጤፍ ክብደት ነው! አንድ ፍሬዋን ፕላዝማው ይችላታል። ከ10,000 አንድ ሲደርስ ግን፣ ማለትም ስምንት ዘጠኝ ፍሬ ጤፍ ሲያህል፣ እሳቱ በራሱ ጉልበት መንደዱን መቀጠል አይችልም። ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ደግሞ በቶን የሚቆጠር ነው።

*

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ፣ ዛሬ የኩርቻቶቭ ተቋም በሚባለው ቦታ፣ የመጀመሪያዎቹ የቀለበት መሣሪያዎች ተሠሩ። በ1958 ሥራ የጀመረው ቲ-1 የመጀመሪያው ቶካማክ ይባላል። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። የሚገባው ጉልበት አብዛኛው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይባክናል። ጥፋተኛው መግነጢሱ ሳይሆን የግድግዳው እድፍ ነበር። መድኃኒቱም እንደ ቤት እመቤት ሥራ ቀላል ሆነ፤ ዕቃውን ማጽዳት። በቀጣዩ መሣሪያ ላይ የውስጥ ገበር ገብቶለት፣ አየሩ ተመጥጦ፣ ከሙከራ በፊት እየተጋለ ውሃና ቆሻሻው እንዲተን ተደረገ።

በሌላው ወገን፣ አሜሪካ ፕሪንስተን ውስጥ፣ የከዋክብት ተመራማሪው ላይማን ስፒትዘር ገና በ1951 ችግሩን ከሩቅ አይቶት ነበር። ስፒትዘር ስቴላሬተር የተባለውን መሣሪያ ሲያስብ አብሮ አንድ ብልሃት አስቀመጠ። የፕላዝማው ዳርቻ ያለበትን የመግነጢስ መስመር ከዋናው ክፍል አውጥቶ ወደ ጎን ክፍል መምራት። የሚያመልጠው ፕላዝማ እዚያ ሄዶ ይፍሰስ፣ እዚያ ያቆሽሽ፣ እዚያው ተመጥጦ ይውጣ። የጣሪያ አሸንዳ ማለት ነው፤ ዝናቡን አያስቆምም፣ ግን ግድግዳው ላይ እንዳይወርድ በአንድ ቦይ ይሰበስበዋል። ይህ ብልሃት ዳይቨርተር ይባላል። በ1960ዎቹ በፕሪንስተኑ ስቴላሬተር ላይ ተሞክሮ እድፉን እንደሚቀንስ ታየ። ዛሬ አለ የሚባል ቶካማክ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ አሸንዳ አለው።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው "እድፉ እንዴት ይገባል?" ነበር። በ1961 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ብራያን ቴይለር ከዚያ የባሰውን ጥያቄ ጠየቀ፤ "ከገባ በኋላስ ወዴት ይሄዳል?"

መልሱ ደስ አይልም። በመግነጢስ ውስጥ ሃይድሮጂንና ባዕድ አቶም ሲጋጩ አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ግፊያውም በጠባብ በር ላይ እንደሚተላለፉ ሰዎች ቦታ ያለዋውጣቸዋል። ሃይድሮጂኑ ወደ ውጭ ሲራመድ ባዕዱ ወደ ውስጥ ይገባል። ሃይድሮጂኑ መሃል ላይ ጥቅጥቅ ካለ ባዕዱም ወደ መሃል ይሳባል፤ የሙሉ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ስበቱ ይጠናል። ለምሳሌ ሙቀቱ የትም እኩል ነው እንበል። ሃይድሮጂኑ መሃል ላይ ከዳሩ 2 እጥፍ ቢበዛና የባዕዱ ሙል 10 ቢሆን፣ 2ን አሥር ጊዜ እያባዛችሁ ሂዱ፤ ባዕዱ መሃል ላይ 1,024 እጥፍ ይሆናል! የከባዱ ተንግስተን ሙል ደግሞ ከ10 በጣም ይበልጣል። እድፉ ዳር ላይ ተበትኖ አይቀመጥም፤ ራሱ እምብርቱን ፈልጎ ይሄዳል።

አንድ መልካም ዜናም ከሒሳቡ ውስጥ ወጣ። ሙቀቱ ከዳር ወደ መሃል በኃይል የሚጨምር ከሆነ ግፊያው ይገለበጥና ባዕዱን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ ትፈለጋለች።

*

በ1968 ኖቮሲቢርስክ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሌቭ አርቲሲሞቪች የቲ-3 ቶካማክን ውጤት ይዞ ቀረበ፤ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ። ምዕራባውያን አላመኑም። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛውያን ሌዘራቸውን ይዘው ሞስኮ ድረስ ሄዱና ለኩት። እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ቶካማክ ሠሪ ሆነ።

ፕሪንስተንም ትልቁን ቶካማኳን ፒኤልቲን ሠርታ በ1975 መጨረሻ ላይ አስነሳች። ፕላዝማው ዳር ላይ የሚያርፍበት፣ ገደብ የሚያበጅለት ቁራጭ ያስፈልግ ነበር። ከምን ይሠራ? መሐንዲስ ሁሉ የሚመርጠው ተመረጠ፤ ተንግስተን። የድሮው አምፖል ውስጥ ያለችው ሽቦ እሷ ናት። ከብረቶች ሁሉ የመጨረሻው የማቅለጫ ሙቀት የእሷ ነው፤ 3,422 ዲግሪ። ለእሳት ከእሷ የተሻለ ማን አለ?

ምን ሆነ መሰላችሁ? ተንግስተኑ አልቀለጠም። ግን ተፍቆ ገባ፤ ገብቶም ልክ ሒሳቡ እንደፈራው መሃል ላይ ተከማቸ። ሙቀቱ ሲለካ የሚያስደነግጥ ቅርጽ ታየ፤ ፕላዝማው እምብርቱ ላይ ከዙሪያው ይልቅ ቀዝቅዟል። መሃሉ የተቦረቦረ እሳት! የምታሞቁት ጉልበት እዚያው መሃል ላይ ብርሃን ሆኖ ይወጣል።

ተንግስተን ተባረረ። በምትኩ ካርቦን ገባ፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት። ካርቦን 6 ኤሌክትሮን ብቻ ነው ያለው፤ በሞቃቱ እምብርት ሁሉንም ይነጠቃል፣ ከዚያ ብዙ አያበራም። አይቀልጥም፤ ዝም ብሎ ይተናል። በ1978 ፒኤልቲ በካርቦን ገደብ 60 ሚሊዮን ዲግሪ ደረሰ፤ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ገደማ የዘርፉ ንጉሥ ካርቦን ሆነ።

በዚያው ዘመን ተመራማሪዎቹ እድፉን መፍራት ብቻ ሳይሆን መከታተልም ጀመሩ። መስታወት ላይ ስስ ብረት ይቀቡና በሌዘር ይመቱታል። ጥቂት አቶሞች ተፈናጥረው ወደ ፕላዝማው ይገባሉ፤ ከዚያ በሚያበሩት ብርሃን ወዴት እንደሚሄዱ ይታያል። በአንዳንድ ጸጥ ያሉ ፕላዝማዎች ውስጥ እንደ ቴይለር ሒሳብ ወደ መሃል ሲሰበሰቡ ታዩ። በሌሎች ግን ገብተው በሰከንድ ክፍልፋይ ተመልሰው ወጡ። ምክንያቱ ነውጥ ነው። ፕላዝማው እንደሚፈላ ወጥ ይናወጣል፤ ነውጡ እድፉን እየቀሰቀሰ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ያው ነውጥ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ሲረግሙት የኖሩት። የተረገመው ነውጥ ለካ ቤቱን ሲጠርግ ነበር።

*

የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1982 ጀርመን ጋርሺንግ ውስጥ፣ አሸንዳ ባለው አስዴክስ ቶካማክ ላይ የፍሪትዝ ቫግነር ቡድን ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ማሞቂያው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ፕላዝማው በድንገት ጸባዩን ለወጠ። ዳሩ ላይ ያለው ነውጥ ጸጥ አለ፣ ሙቀቱን የሚይዝበት አቅም እጥፍ ገደማ ሆነ። ይህ ሁኔታ ኤች-ሞድ ይባላል፤ ኢተርም የታቀደው በእሱ ላይ ነው።

ደስታው ግን ዋጋ ነበረው። ሙቀቱን አጥብቆ የያዘው አጥር እድፉንም አጥብቆ ያዘ። ዳሩ ፍጹም ጸጥ ባለ ቁጥር ባዕድ አቶሞች ይጠራቀማሉ፤ ብርሃኑ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ፕላዝማው ከውስጥ በርዶ ይወድቃል። ዳሩ ላይ በየጊዜው የሚፈነዳ ትንሽ ትንሽ ፍንዳታ ሲኖር ግን እድፉ አብሮ ይጠረጋል። ክፋቱ ያ ፍንዳታ ሲበረታ ግድግዳውን ይመታና አዲስ እድፍ ይፍቃል። አያችሁ? ጥሩ ጠርሙስ የምንለው የተመኘነውንም ያልተመኘነውንም እኩል ነው የሚይዘው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሙቀቱን አስቀርቶ እድፉን የሚለቅ አጥር እንዴት ይሠራል?

ካርቦንም ንግሥናው ያለ እንከን አልነበረም። በኅዳር 1991 እንግሊዝ አገር ካልሃም የሚገኘው ጄት የተባለው የአውሮፓውያን ቶካማክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ቀላቅሎ አነደደ። ጉልበቱ 1.7 ሜጋዋት ገደማ ደረሰ፤ ታሪካዊ ቀን ነበር። ያንን እሳት ያስቆመው ግን ምን ነበር? የካርቦን ንጣፎቹ ከመጠን በላይ ግለው ካርቦን እንደ ጉድ ገባበት። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው "የካርቦን አበባ" ይሉታል፤ ድንገት ስለሚፈካ።

ከዚያ የከፋው ደግሞ ስርቆቱ ነው። ካርቦን ከሃይድሮጂን ጋር ይዋደዳል። እየተፋቀ ትሪቲየሙን ይይዝና ቀዝቃዛ ጥግ ላይ ሄዶ ይጋገራል። ትሪቲየም ጨረራማ ነው፤ በ12 ዓመት ተኩል ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ በተፈጥሮ እንደልብ የሚገኝም አይደለም። በ1997 ጄት 16 ሜጋዋት የደረሰበትን ትልቁን ሙከራ ሲያደርግ ከገባው ትሪቲየም ቀላል የማይባለው ግድግዳው ውስጥ ቀረ። ነዳጁን የሚሰርቅ ምድጃ ይዞ የኃይል ማመንጫ መሥራት አይቻልም።

*

ስለዚህ የተባረረው ብረት ተጠራ። ተንግስተን ትሪቲየምን እንደ ካርቦን አይሰርቅም፤ ቶሎም አይፋቅም። በሽታው የታወቀ ነው፤ የቀረው መድኃኒት መፈለግ ነው። ጋርሺንግ ውስጥ አስዴክስ አፕግሬድ ከ1999 ጀምሮ ንጣፎቹን በየተራ እየቀየረ በ2007 ሙሉ በሙሉ ተንግስተን ለበሰ። ጄት ደግሞ ካርቦኑን ነቅሎ በ2011 በቤሪሊየም ግድግዳና በተንግስተን አሸንዳ ተነሳ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በካርቦን ጊዜ ጥሩ ይሠሩ የነበሩ ሙከራዎች በተንግስተን ተበላሹ። የ1970ዎቹ በሽታ ተመልሶ መጣ፤ ተንግስተኑ መሃል ይከማቻል፣ ፕላዝማው ይወድቃል። ልዩነቱ አሁን ጉዞው መታወቁ ነው። ማሞቂያውን እምብርቱ ላይ አነጣጠሩት፤ ነውጡ ተቀስቅሶ መሃሉን እንዲጠርግ፣ የሙቀቱ ቁልቁለትም ባዕዱን ወደ ውጭ እንዲገፋ። ዳር ላይ ጋዝ ጨመሩ፤ አሸንዳው ቀዝቀዝ ብሎ እንዳይፋቅ። የዳሩ ፍንዳታ አነስ እያለ ግን ቶሎ ቶሎ እንዲመጣ አደረጉ፤ ጠርጎ እንዲያልፍ እንጂ እንዳያፈርስ።

የሚገርመው ነገር፣ እድፍ ራሱ መድኃኒት ሆነ። ናይትሮጅን፣ ኒዮን ወይም አርጎን ሆን ተብሎ ዳር ላይ ይጨመራል። ያው ማብራት ነው ሥራቸው፤ ግን ዳር ላይ ሲያበሩ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ አሸንዳውን ከሚያነድ በብርሃን ዙሪያውን እንዲበተን ያደርጋሉ። መሃል የገባ እድፍ መርዝ ነው፤ ዳር የቆመ እድፍ ጋሻ ነው። ለዚህም ነው ዋናው ጉዳይ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጉዞው የሆነው።

ፍሬው በታኅሣሥ 2021 ታየ፤ ጄት በብረት ግድግዳው በ5 ሰከንድ 59 ሜጋጁል አመነጨ። በካርቦን ዘመን፣ በ1997፣ ያስመዘገበው 22 ሜጋጁል አካባቢ ነበር። በጥቅምት 2023 ደግሞ በ0.2 ሚሊግራም ነዳጅ 69 ሜጋጁል ደረሰ። ይህ አንድ በርሜል ውሃ የሚያፈላ ጉልበት ነው፤ ከአንድ ፍሬ ጤፍ በማይበልጥ ነዳጅ! በእነዚህ ሙከራዎች ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገርም ታየ፤ ዳሩ ላይ ያለው ጠንካራ የሙቀት ቁልቁለት ተንግስተኑን ወደ ውጭ ሲገፋ ምልክቱ ተገኘ። ጄት በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለዘላለም ጠፋ፤ ሥራውን ጨርሶ።

በዚያው በ2023 ኢተር ትልቅ ውሳኔ አሳወቀ። ለውስጥ ግድግዳው የታቀደው ቤሪሊየም ቀረ፤ ብናኙ ለሰው ጤና መርዝ ነው፣ የሚቀልጠውም 1,287 ዲግሪ ላይ ነው። አሸንዳው ቀድሞውኑ ተንግስተን ነበር፤ አሁን ግድግዳውም ተንግስተን ይሆናል። ኦክስጅኑን እንዲይዝ ቦሮን ይቀባል ተብሎ ታስቧል። በየካቲት 2025 እዚያው ካዳራሽ ያለው ዌስት የተባለ የተንግስተን ቶካማክ ፕላዝማውን 1,337 ሰከንድ፣ ከ22 ደቂቃ በላይ፣ ይዞ ቆየ። ፕሪንስተን ውስጥ እሳቱን መሃል ለመሃል የቦረቦረው ብረት ማለት ነው።

ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። የዌስት ማሞቂያ 2 ሜጋዋት ገደማ ነበር፤ ኢተር የሚጠበቅበት 500 ሜጋዋት ማመንጨት ነው። የኢተር ዳር ከዛሬዎቹ መሣሪያዎች በጣም ስለሚሞቅ ተንግስተኑ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይገፋል ብለው ያምናሉ። ሒሳቡ ይላል፤ የጄት ምልክትም ይደግፈዋል። የሚፈተነው ግን ሲነድ ነው፤ አሁን ባለው ዕቅድ የምርምር ሥራው በ2034፣ የዲዩቴሪየምና ትሪቲየሙ በ2039 ይጀመራል። ሌላም አለ፤ ፊውዥኑ ራሱ የሚወልደው ሂሊየም አመድ ነው፤ እሱም ካልወጣ ነዳጁን ያቀጥናል። አንዱን ጠርጎ ሌላውን ማስቀረት፣ ለሰዓታት፣ ለወራት፣ ሳይቋረጥ። የኃይል ማመንጫ የሚሆነው ያኔ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ወደፊት "ፊውዥን አዲስ ክብረ ወሰን ሰበረ" የሚል ዜና ስታዩ ዲግሪውን ብቻ አትቁጠሩ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ግድግዳው ከምን ነበር? ስንት ሰከንድ ቆየ? መልሱ "ተንግስተን፣ ብዙ ደቂቃ፣ በትልቅ ጉልበት" ከሆነ፣ ያን ጊዜ ዜናው ዜና ነው።